የመስክ መኪና የኋላ ባሌስትራና አሞርዛተር ስለ ማሻሻል

ለንግድ ሥራ የተገዛ የመስክ መኪና ለባለቤቱ ትርፍ የሚያስገኘው በመንገድ ላይ ሲውል ነው፤ በጋራዥ የቆመበት ቀን ሁሉ ግን ወጪ እንጂ ገቢ የለውም። ጐብኚዎችን የሚያጓጉዝ፣ የእርሻ መሣሪያ የሚያደርስ ወይም ሠራተኞችንና ዕቃን ወደ ሥራ ቦታ የሚያመላልስ ድርጅት ሁሉ ይህን በሚገባ ያውቃል። እንዲህ ያለው መኪና ጥቂት ዓመታት ካገለገለ በኋላ ከኋላው መዝቀጥ፣ ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር ከሥሩ መምታት፣ በጠመዝማዛ መንገድም መወዛወዝ ይጀምራል። ያን ጊዜ ለባለቤቱ የሚሰጠው ምክር ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ ይኸውም «ወፍራም ባሌስትራ አስገባበት» የሚል ነው። ምክሩ አንዳንድ ጊዜ ትክክል ነው። ነገር ግን የመኪናው ጭነት ሳይመዘን ከተፈጸመ ገንዘብ አስወጥቶ መኪናውን ከቀድሞው የባሰ ሊያደርገው፣ ከዚያም አልፎ የተሳፋሪውን ሕይወት ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችላል። ስለዚህ ባሌስትራና አሞርዛተር እያንዳንዳቸው ምን እንደሚሠሩ፣ በምን መለኪያ እንደሚመረጡ፣ ምንስ ማድረግ እንደማይችሉ ለይቶ ማወቅ ለባለ መኪናው ጠቃሚ ነው።

ባሌስትራ ምን ይሠራል?

ባሌስትራ የሚለው ቃል ከኢጣልያንኛ የመጣ ሲሆን በዚያ ቋንቋ ፍላጻ የሚወረውረውን የጥንት የጦር መሣሪያም ያመለክታል። አሠራሩም ከቀስት ጋር ይመሳሰላል። ርዝመታቸው የተለያየ፣ በመጠኑ የጐበጡ ዝርግ የአረብ ብረቶች አንዱ በሌላው ላይ ተደርበው በመካከል በአንድ ብሎን ይያያዛሉ። ከሁሉም የሚረዝመው ዋናው ብረት በሁለቱም ጫፎቹ ተጠቅልሎ ዓይን አለው። የፊተኛው ዓይን በሻንሲው ላይ በቋሚነት ይታሰራል፤ የኋለኛው ዓይን ግን ሻክል በሚባል ተወዛዋዥ ማያያዣ ይንጠለጠላል። ይኸውም ባሌስትራው ጭነት ሲያርፍበት ጉብጠቱ ተዘርግቶ ስለሚረዝም፣ የሚንቀሳቀስበት ሥፍራ ያስፈልገዋልና ነው። መካከሉ ደግሞ ዩ ቦልት በሚባሉ ጠንካራ ማሰሪያዎች ከኋላው አክስል ጋር ይጠበቃል።

ከዚህ እንደሚታየው ባሌስትራ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ጭነትን መሸከም ነው። ሁለተኛው አክስሉን በቦታው ይዞ፣ የሞተሩን ጉልበትና የፍሬኑን ኃይል ወደ ሻንሲው ማስተላለፍ ነው። ጥምዝ ሞላ ግን የመጀመሪያውን ሥራ ብቻ ስለሚሠራ አክስሉን የሚይዙ ሌሎች ዘንጎች ይጨመሩለታል። በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ እጅግ የታወቀው የቶዮታ ላንድ ክሩዘር 70 ዝርያ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ይህ ዝርያ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1984 ለገበያ ቀረበ፤ በ1999 በተደረገው ለውጥም የፊቱ ባሌስትራ በጥምዝ ሞላ ሲተካ የኋላው ግን ባሌስትራ ሆኖ ቀርቷል። ከባድ ጭነት የሚያርፈው በኋላ ነውና፤ ለዚህም ባሌስትራ ቀላል፣ ጠንካራና በቀላሉ የሚጠገን ሆኖ ተገኝቷል።

አሞርዛተር ምን ይሠራል?

ብዙ ሰው አሞርዛተር መኪናውን የሚሸከም ይመስለዋል። ይህ ስሕተት ነው። መኪናውን የሚሸከመው ባሌስትራው ነው፤ አሞርዛተር ሥራው ንቅናቄን ማብረድ ብቻ ነው። ባሌስትራ ጉድጓድ ሲያገኘው ተጭኖ ይመለሳል፤ የሚገታው ከሌለም ደጋግሞ ይዘላል። በአሞርዛተሩ ውስጥ ያለው ፒስተን ዘይቱን በጠባብ ቀዳዳዎችና ቫልቮች ውስጥ እየገፋ ይህን ዝላይ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ሙቀቱም በብረቱ በኩል ወደ አየር ይወጣል።

እንደ ቆርቆሮ በተሸነሸነ የፒስታ መንገድ ላይ ፒስተኑ ያለ ዕረፍት ስለሚመላለስ ዘይቱ እጅግ ይሞቃል፤ ይቀጥናልም። ከአየር ጋር ከተደባለቀም አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ በቫልቭ ውስጥ ሲያልፍ በቂ ተቃውሞ አያሳይም። በዚህ ጊዜ ሾፌሩ ጧት ደኅና የነበረው መኪና ከቀትር በኋላ እንደ ጀልባ ሲወዛወዝበት ያገኘዋል። ናይትሮጅን ጋዝ በግፊት የተሞላባቸው አሞርዛተሮች የተሠሩት ይህን አረፋ ለመቀነስ ነው። የውስጥ ቧንቧቸው ሰፊ የሆነ ደግሞ ብዙ ዘይት ስለሚይዙ ሙቀትን የበለጠ ይችላሉ። ስለዚህ በየቀኑ ረጅም የፒስታ መንገድ ለሚሄድ መኪና ከባሌስትራው በፊት አሞርዛተሩን ማሻሻል ይበልጥ የሚጠቅምበት ጊዜ ብዙ ነው።

አስቀድሞ መመርመር

መኪናው ስለ ዘቀጠ ብቻ ባሌስትራው ደካማ ነው ማለት አይቻልም። ባለ መኪናው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት መኪናውን በደልዳላ ቦታ ባዶውን አቁሞ፣ በግራና በቀኝ ከቸርኬው መካከል እስከ ጎማው ከለላ ጠርዝ ያለውን ከፍታ ይለካ። ልኩንም በወረቀት ይጻፍ። ሁለቱ ጎኖች በጉልህ ከተለያዩ አንዱ ባሌስትራ ውስጥ የተሰበረ ወይም የተሰነጠቀ ብረት ሊኖር ይችላል። የዓይኖቹ ቡሾች ማለቃቸው፣ ሻክሉ መጣመሙ፣ የመካከሉ ብሎን መቆረጡ፣ ዩ ቦልቶቹም መላላታቸው ሁሉ የሚያስከትሉት ምልክት ከባሌስትራ ድካም ጋር ይመሳሰላል። የመካከሉ ብሎን ከተቆረጠ አክስሉ ከቦታው ሊንሸራተት ስለሚችል መኪናው ሳይጠገን መነዳት የለበትም።

አሞርዛተሩም እንዲሁ ይመረመራል። በላዩ ዘይት የፈሰሰበት መሆኑ፣ የጎማው ፊት በየሥፍራው እየተቦረቦረ ማለቁ የድካም ምልክቶች ናቸው። ሌላም ቀላል ዘዴ አለ። መኪናው ረጅም የፒስታ መንገድ ሄዶ እንደ ቆመ፣ ሁለቱን የኋላ አሞርዛተሮች በእጅ ጀርባ በጥንቃቄ ቀረብ ብሎ ማነጻጸር ነው። አንዱ ግሎ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ ሥራ ያቆመው ቀዝቃዛው ነው፤ ሥራውን የሚሠራ አሞርዛተር ይሞቃልና።

ጭነቱን በኪሎ ማወቅ

የምርጫው መሠረት ሚዛን ነው። ለምሳሌ ሦስት ጐብኚዎችን ከኋላ አሳፍሮ ወደ ሩቅ አገር የሚሄድ አንድ የመስክ መኪና እንውሰድ። ሦስቱ ሰዎች 210 ኪሎ፣ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ናፍጣ 34 ኪሎ፣ ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ 60 ኪሎ፣ ድንኳን፣ ስንቅና የወጥ ቤት ዕቃ 90 ኪሎ፣ ሁለተኛ ትርፍ ጎማ ከነቸርኬው 35 ኪሎ፣ የመሣሪያ ሣጥን 26 ኪሎ፣ በጣራው ላይ ያለው ፖርቶመጋላ ራሱ 45 ኪሎ ቢሆኑ ድምሩ 500 ኪሎ ይሆናል።

ከዚህ ውስጥ ግን ሁልጊዜ ከመኪናው ጋር የሚኖሩት ፖርቶመጋላው፣ ትርፍ ጎማውና የመሣሪያ ሣጥኑ ናቸው። እነዚህም 106 ኪሎ ብቻ ይመዝናሉ። ቀሪው 394 ኪሎ ከጉዞው ጋር የሚመጣና የሚሄድ ነው። ባለ መኪናው አስቀድሞ ሊለየው የሚገባው ይህን ነው፤ ባሌስትራ የሚመረጠው መኪናው አብዛኛውን ቀን ለሚሸከመው ጭነት እንጂ በዓመት አንድ ጊዜ ለሚሸከመው አይደለምና።

ጭነቱ የሚያርፍበት ቦታም ሚዛኑን ይለውጠዋል። በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 3 ሜትር በሆነ መኪና ላይ 100 ኪሎ ዕቃ ከኋላው አክስል 1 ሜትር ወደ ኋላ ርቆ ቢሰቀል፣ በኋላው አክስል ላይ የሚያርፈው 100 ሳይሆን 133 ኪሎ ነው። ከፊቱ አክስል ላይ ደግሞ 33 ኪሎ ይነሣል። መሪው የሚቀለውና የፊት መብራቱ ወደ ሰማይ የሚያበራው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ከባዱን ዕቃ ከኋላ በር ወደ ወንበሮቹ ማስጠጋትና ከጣራ ወደ ወለል ማውረድ ያለ አንዳች ወጪ የሚደረግ የመጀመሪያው ማሻሻያ ነው።

ውፍረት የሚያመጣው ለውጥ

የባሌስትራ ጥንካሬ ከብረቶቹ ቁጥር ጋር በቀጥታ ያድጋል። ተመሳሳይ በሆኑ አራት ብረቶች ላይ አምስተኛ ቢጨመር ጥንካሬው በሩብ ያህል ይጨምራል። ከውፍረቱ ጋር ግን የሚያድገው ውፍረቱ በራሱ ሦስት ጊዜ ተባዝቶ ነው። ስለዚህ የብረቶቹ ውፍረት ከ7 ሚሊሜትር ወደ 8 ሚሊሜትር ቢለወጥ፣ በዓይን የማይታወቀው አንድ ሚሊሜትር ጥንካሬውን በግማሽ ያህል ያሳድገዋል። ሻጭ «ትንሽ ወፈር ያለ ነው» ሲል ገዢው መለኪያ ይዞ መለካት የሚገባው ስለዚህ ነው።

ይህ ለውጥ በመንገድ ላይ ምን እንደሚያስከትል በአኃዝ ማየት ይቻላል። አንዱ ባሌስትራ በ50 ኪሎ 1 ሴንቲሜትር የሚዘቅጥ ነው እንበል፤ መኪናው ባዶ ሳለ 500 ኪሎ፣ ከላይ የተቆጠረው ጭነት በሙሉ በኋላው አክስል ላይ ሲያርፍ ደግሞ 750 ኪሎ ይሸከማል። ባዶውን 10 ሴንቲሜትር፣ ተጭኖ 15 ሴንቲሜትር ይዘቅጣል ማለት ነው። በዚህ ሁኔታ መኪናው ባዶውን በደቂቃ 95 ጊዜ ያህል፣ ተጭኖም 77 ጊዜ ያህል የመወዛወዝ ጠባይ ይኖረዋል። ባሌስትራው በግማሽ ቢጠነክርና 1 ሴንቲሜትር ለመዝቀጥ 75 ኪሎ ቢፈልግ፣ ተጭኖ 10 ሴንቲሜትር ብቻ ይዘቅጣል፤ ውዝዋዜውም 95 ይሆናል። ይህም መልካም ነው፤ የተጫነው መኪና ቀድሞ ባዶውን እንደሚሄደው ሆኖ ይሄዳልና። ነገር ግን ያው መኪና ባዶውን ሲመለስ ውዝዋዜው በደቂቃ ወደ 116 ይደርሳል። የኋላ ጎማዎቹ በፒስታ ላይ እየነጠሩ መሬቱን ይለቃሉ፤ መሬት የለቀቀ ጎማ ደግሞ ፍሬን አይዝም፣ መታጠፊያንም አይጠብቅም። ተሳፋሪው ይደክማል፤ የሰውነቱ ብሎኖች ይላላሉ፤ የሻንሲው ብየዳም ይሰነጠቃል።

ስለሆነም ሁልጊዜ ከባድ ጭነት ለሚሸከም መኪና ጠንካራ ባሌስትራ ይስማማዋል። አንድ ቀን ተጭኖ ሦስት ቀን ባዶውን ለሚሄድ ግን ሌላ መንገድ ይሻላል። ይኸውም ጭነት ሲበዛ ብቻ ሥራ የሚጀምር ረዳት ብረት ከሥሩ ያለው ባለ ሁለት ደረጃ ባሌስትራ ነው። መኪናው ባዶ ሳለ የላይኞቹ ስስ ብረቶች ብቻ ይሠራሉ፤ ጭነት ሲያርፍ የታችኛው ወፍራም ብረት ተነክቶ ያግዛቸዋል።

አሞርዛተሩ ከባሌስትራው ጋር ይመጣጠን

አዲስ ጠንካራ ባሌስትራ ከአሮጌ አሞርዛተር ጋር ማጋባት ግማሽ ሥራ ነው። ጥንካሬው በግማሽ ያደገ ባሌስትራ በኃይል ስለሚመለስ፣ ጭነቱ ሳይለወጥ አንድ አምስተኛ ያህል የበለጠ የማብረድ ኃይል ይጠይቃል። ከመጠን በላይ የጠነከረ አሞርዛተርም ይጎዳል። ባሌስትራው ከአንዱ ጉብታ ሳይመለስ ሁለተኛው ስለሚደርስበት መኪናው ደረጃ በደረጃ ወደ ታች እየተጫነ ይሄዳል።

ርዝመቱም ይታሰብ። ባሌስትራው መኪናውን 5 ሴንቲሜትር ከፍ ካደረገው አሮጌው አሞርዛተር ጎማው ወደ ታች ሲወርድ ቀድሞ ተዘርግቶ ያልቃል፤ የአክስሉም ክብደት በራሱ ላይ ተንጠልጥሎ ይነቀላል። ከመጠን በላይ የረዘመ ደግሞ ባሌስትራው በጎማ መግቻው ላይ ከማረፉ በፊት ራሱ ተጨፍልቆ ይሰበራል። ስለዚህ ርዝመቱ በሁለቱም አቅጣጫ፣ ማለት ተዘርግቶና ተጨፍልቆ፣ ተለክቶ ይገዛ።

ባሌስትራ የማይለውጠው ነገር

ከሁሉ የሚበልጠው ማስጠንቀቂያ ይህ ነው። ፋብሪካው በመኪናው ላይ በለጠፈው ሠሌዳ የተወሰነው የክብደት ልክ በባሌስትራ ብቻ የተወሰነ አይደለም። አክስሉ፣ የቸርኬው ኩሽኔታዎች፣ ሻንሲው፣ ፍሬኑና ጎማው ሁሉ በዚያ ቁጥር ውስጥ ድርሻ አላቸው። በጎማው ጎን 112 የሚል የጭነት ቁጥር ቢኖር ያ ጎማ ከ1120 ኪሎ በላይ እንዳይሸከም የተወሰነ ነው፤ የቱንም ያህል ወፍራም ባሌስትራ ቢገባ ይህ አይለወጥም። እንዲያውም የቀድሞው ባሌስትራ መኪናው ከመጠን በላይ ሲጫን በመዝቀጡ ሾፌሩን ያስጠነቅቀው ነበር። አዲሱ ግን ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ከመጠን ያለፈው ጭነት ከዓይን ይሰወራል።

ሌላው ደግሞ ፍሬንን የሚመለከት ነው። በብዙ የመስክና የፒካፕ መኪናዎች ላይ ከኋላው አክስል ጋር በቀጭን ዘንግ የተያያዘ፣ የጭነቱን መጠን እያየ ለኋላ ፍሬን የሚሄደውን ግፊት የሚወስን ቫልቭ አለ። ይህ ቫልቭ ጭነትን የሚያውቀው በሻንሲውና በአክስሉ መካከል ባለው ርቀት ነው። አዲሱ ባሌስትራ መኪናውን ከፍ ሲያደርገው ቫልቩ መኪናው ባዶ ነው ብሎ ይቆጥርና የኋላውን ፍሬን ያደክመዋል። ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ወደ ዓባይ ወንዝ የሚወርድ መኪና ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት ይጠብቀዋል፤ በዚያ ሥፍራ የኋላ ፍሬን ድካም ምን ማለት እንደሆነ ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ባሌስትራ በተለወጠ ጊዜ የቫልቩ ዘንግ በፋብሪካው መመሪያ መሠረት ይስተካከል፤ የፍሬኑ የላስቲክ ቧንቧም አክስሉ እስከ መጨረሻ ሲወርድ የማይወጠር መሆኑ ይረጋገጥ።

ስለ ግዢና ስለ ገጠማ

በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ መለዋወጫ የሚገዛ ሰው ያገለገለም አዲስም ባሌስትራ ይቀርብለታል። ያገለገለውን የሚገዛ ብረቶቹን አስፈትቶ፣ ዝገቱን አስጠርጎ፣ በተለይ በመካከለኛው ቀዳዳና በዓይኖቹ ዙሪያ ስንጥቅ አለመኖሩን ይመልከት። የዘቀጠን ባሌስትራ በመዶሻ ቀጥቅጦ እንደገና ማጉበጥ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ብረቱ በሚገባ እንደገና ካልተሞቀና ካልጠነከረ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ይዘቅጣል። በእሳት ማጋልና መበየድ ግን ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ባሌስትራ ኃይሉን ያገኘው በፋብሪካ ውስጥ በልክ ሞቆና በልክ ቀዝቅዞ ስለሆነ፣ የብየዳ እሳት የነካው ሥፍራ ወይ ይለሰልሳል ወይ እንደ መስታወት ይሰበራል። አሮጌ ባሌስትራ ለማረሻና ለቢላዋ የሚፈለግ ብረት ስለሆነ ወደ ቀጥቃጭ ቢሄድ ዋጋ አለው፤ ወደ መኪና ግን መመለስ የለበትም።

ገጠማው በሚደረግበት ጊዜ መኪናው በክሪክ ብቻ አይቁም፤ ሻንሲው በጠንካራ ድጋፍ ላይ ይረፍ፣ አክስሉም ለብቻው ይደገፍ። ባሌስትራዎቹ ግራና ቀኝ በአንድነት ይለወጡ። አንድ ጊዜ በኃይል የተጠበቀ ዩ ቦልት ስለሚሳብ አዲስ ይገዛ፤ አሮጌው አይመለስ። የጎማ ቡሽ ያለባቸው የዓይን ብሎኖች መጨረሻ የሚጠበቁት መኪናው በገዛ ክብደቱ መሬት ላይ ከቆመ በኋላ ነው። በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ቢጠበቁ ጎማው ሁልጊዜ እንደ ተጠመዘዘ ይቀርና በአጭር ጊዜ ይቀደዳል። ዳዶዎቹ ፋብሪካው በወሰነው ኃይል በመለኪያ ቁልፍ ይጠበቁ፤ መኪናው 500 ኪሎሜትር ያህል ከሄደ በኋላም ሁሉም እንደገና ይፈተሹ። አዲስ ባሌስትራ በመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች ይተኛልና ማሰሪያው ይላላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለው ምሳሌ ለዩ ቦልት የተነገረ ይመስላል።

በአጭሩ የሥራው ተራ እንዲህ ነው፤

1ኛ. የመኪናውን ከፍታ ባዶውን መለካትና የተሰበረ፣ የላላ ወይም ያለቀ ክፍል መኖሩን መመርመር።
2ኛ. ሁልጊዜ የሚኖረውን ጭነትና አልፎ አልፎ የሚመጣውን ለይቶ በኪሎ መጻፍ፤ የተጫነውንም መኪና በሚዛን ላይ አውጥቶ ከፋብሪካው ልክ ጋር ማነጻጸር።
3ኛ. ከልክ ያለፈ ሆኖ ከተገኘ ጭነቱን መቀነስ ወይም ሌላ መኪና መመደብ።
4ኛ. በልክ ከሆነ ባሌስትራውን ሁልጊዜ ለሚኖረው ጭነት መምረጥ፤ አሞርዛተሩንም በጥንካሬና በርዝመት ከእርሱ ጋር ማመጣጠን።
5ኛ. ከገጠማው በኋላ የፍሬኑን ቫልቭ፣ የፍሬኑን ቧንቧና የፊት መብራቱን ማስተካከል፤ ዳዶዎቹንም ከ500 ኪሎሜትር በኋላ እንደገና ማጥበቅ።

ይህን ተራ የሚጠብቅ ድርጅት በመጀመሪያው ቀን ለሚዛንና ለምርመራ ጥቂት ሰዓት ይሰጣል። አንዳንዱም ከምርመራው በኋላ የሚያስፈልገው ሙሉ ባሌስትራ ሳይሆን አራት ቡሽና ሁለት አሞርዛተር ብቻ መሆኑን ያገኛል።